ባለ ናሱ መነጽር ለምን እንደዘገየ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለእሸቱ፤

ሌላውን ሁሉ ከማንሳቴ በፊት ጤናህን ልጠይቅ። ወንድምዓለም፣ እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? የጎባ ብርድስ ዘንድሮ እንዴት ይዞሃል? ያ ዳገት ስትወጣ የሚንቋቋው ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከአንተ ቀድሞ ያወራል? እማዬስ እንዴት ናት? ዐይኗ ብርሃን ያያል ወይስ እንደ ባለፈው ጥላ ብቻ ነው? ጥሩዬስ? ልጃችሁ ቅድስትስ አደገችልኝ? ጥምቀትስ እንዴት አለፈላችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሥጋ ደህና ነን። በሥጋ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም፤ ዝቅ ስትል ትደርስበታለህ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለህ። ትንሹ ለእማዬ የሚነበብ ነው፤ በእሱ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ይኸኛውን ግን ለብቻህ ሆነህ አንብበው። እማዬ ፊት እንዳትጀምረው፣ አደራ። ዐይኗ ቢደክምም ጆሮዋ አልደከመም፣ አንተ ደግሞ ደብዳቤ ስታነብ ከአፍህ በፊት ትንፋሽህ ይናገራል።

በጥቅምት የጻፍክልኝ ደርሶኛል። አንብቤው ስጨርስ ወጤ አርሮ ነበር። አምና ያን የውጭ አገር አዳኝ ይዘህ ተራራ በወጣህ ጊዜ የሆነውን ለሰው ሳትናገር ለእኔ ብቻ መጻፍህ ከብዶኛልም፣ አኩርቶኛልም። አንድ ዐይኑ የደመነው አሮጌው የሩቅ ማያ መነጽርህ በአስታው ቁጥቋጦ መሀል ቡናማ ገላና ቀንድ አሳየህ፤ አንተም «እሱ ነው» አልክ፤ ሰውዬው ተኮሰ። የደጋ አጋዘን ያልከው የአስታ ጭራሮ ተሸክማ ያጎነበሰች ሴት ሆና ተገኘች። ጥይቱ ሸክሟን በስቶ አለፈ እንጂ ሴትዮዋ በሕይወት አለች። «ተኩሱን እሱ ቢተኩሰውም ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብለህ የጻፍካትን መስመር እስካሁን በቃሌ እወጣታለሁ። በታኅሣሥ ደግሞ ሌላ አዳኝ ይዘህ እንደምትወጣ ነገርከኝ። ሥራውን ብትተው የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያየው የአንተን እጅ ነው፤ በዚያ መነጽር ብትወጣ ደግሞ የሰው ነፍስ። አስመራ ጣሊያን የተዋቸው ጥሩ ጥሩ መነጽሮች አይጠፉም፣ አንቺና ባልሽ ደበሳይ መርጣችሁ ላኩልኝ አልክ። እኛም እሺ አልን።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ስለ መነጽር የማውቀው የእማዬን የመጽሐፍ መነጽር ብቻ ነበር። ያንተ ደብዳቤ ግን አስተማሪ ሆነኝ። ቁጥር አያታልላችሁ አልክ፤ አብዝቶ የሚያጎላው ምስሉን ያጨልመዋል፣ ትንሿን የእጅ መንቀጥቀጥ ሳይቀር ያጎላታል። የፊተኛው መስታወት ሰፊ ይሁን፣ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው አልክ። በቀትር አትሞክሩት፣ ፀሐይ የበላው ድንጋይ ላይ አየሩ እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ አውሬ የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ነውና በዚያ ሰዓት እዩ አልክ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጻፍክ፤ አንድ ሰው ቡናማ ብርድ ልብስ ለብሶ ከገደል ማዶ ይቁም፣ እየራቀ ይሂድ፣ እጁ ከብርድ ልብሱ ተለይቶ እስከምን ድረስ እንደሚታያችሁ ለኩ። ይህችን ነገር ስትጽፍ ምን አስቀመጠህ እሸቱ? አልቆጣህም። ግን ብዕርህ እዚያ ላይ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

መነጽሩን ያገኘነው አቦይ ወልደትንሣኤ ዘንድ ነው። አቦይ ወልደትንሣኤ በወጣትነቱ ከጣሊያን ጋር መነጽር ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ዛሬ ሱቁ ውስጥ ሰዓትም፣ ካሜራም፣ የሰው ጥርስም አይጠፋም። ሁለት አወጣልን። አንደኛው አዲስ፣ ጥቁር፣ ከጅዳ የመጣ፣ እስከ ስልሳ እጥፍ የሚያጎላ፤ ቀለበቱን ስታዞረው እንደ ቅቤ የሚንሸራተት። ሁለተኛው አሮጌ ባለ ናስ፣ በምጽዋ ወደብ መርከብ ይጠብቅ ከነበረ ሰው ቤት የተገኘ፣ ሃያ አምስት እጥፍ ብቻ የሚያጎላ፣ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የሚከብድ። ደበሳይ ጥቁሩን እንዳየ ወደደው። ባሌን ታውቀዋለህ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል፤ እኔን ያገባኝም ለዚህ ነው ይላል።

ሽማግሌው ግን አልቸኮለም። በአንድ ጫፍ የባትሪ መብራት አብርቶ በሌላው አሳየን፤ በባለ ናሱ ጠርዝ ላይ የባሕር አየር ያመጣው ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ፈትቶ እንደሚያጸዳው ነገረን። ከዚያ ሁለቱንም በሚፈላ የሻሂ ጀበና እንፋሎት ላይ ያዛቸው፤ ጥቁሩ ውስጡ ላበው፣ ባለ ናሱ አልላበውም። ወደ እኔ ዞሮ «ጓለይ፣ ዓይኒ ሰብ ኣይትእመኒ፣ ባዕልኺ ርኣዪ» አለኝ፤ የሰው ዐይን አትመኚ፣ ራስሽ እዪ ማለቱ ነው። ሁለቱንም ለእሑድ አዋሰን። ደበሳይ አሮጌ ብረት በሚታደስበት መደበር በሚገኘው የሥራ ቦታው ከተሰበረ የአልጋ ቧንቧ ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ ሠራላቸው። እንደሱ ጸጥ ብሎ የሚቆም ነገር አላየሁም፤ ደበሳይ ራሱ እንኳ እንዲህ ቆሞ አያውቅም።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን ከዓዲ ኣበይቶ አልፈን ወጣን። የሰው እርሻ የሌለበት፣ ገደል ያለበት ቦታ ፈለግን። አየህ ስህተታችንን? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እኛ ግን ከመንደሩ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅንም። ከተሜ መንገድ አይጠይቅም፣ ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። እኔ ወዲህ ማዶ ድንጋይ ላይ ማቆሚያውን ተክዬ ቀረሁ። ደበሳይ ቡናማውን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የፍየል መንገድ ይዞ ወርዶ ወዲያ ማዶ ወጣ። ንፋሱ ወደ እኔ ስለሚነፍስ ድምፅ እንደማይሰማው አውቀን በምልክት ተስማማን። ነጠላዬን ካወዛወዝኩ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ላይ ከዘረጋሁት ተመልሶ ይመጣል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በጥቁሩ ጀመርኩ። ስልሳ ላይ አደረግሁት፤ እውነትህን ነው፣ የሚንቀጠቀጥ ቡናማ ጭጋግ ብቻ ነው። ቀነስኩት፤ ሰው መሰለኝ፣ እጁ ግን የለም። ነጠላዬን አወዛወዝኩ። ራቅ ብሎ ሄደ። አሁንም አየሁ፤ ሰውም፣ ግንድም፣ አጋዘንም ሊሆን ይችላል። ሳቄ መጣ፣ ወንድሜ ይህን ሰው ቢያይ ቀንድ ያበቅልለት ነበር አልኩ በልቤ። ደግሜ አወዛወዝኩ። ደግሞ ራቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ላወዛውዝ እጄን ካነሳሁ በኋላ ነው እስኪ እዚህች ላይ በባለ ናሱ ልየው ብዬ በሌላው እጄ የቀየርኩት። ለምን በዚያች ደቂቃ እንደቀየርኩ አላውቅም። ማርያም ናት እላለሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

በባለ ናሱ ደበሳይ ቁልጭ ብሎ መጣ። እጁ፣ ጣቱ፣ ጣቱ ላይ ያለው የመዶሻ ጠባሳ ሳይቀር ታየኝ፤ ካንተ ደብዳቤ በላይ የሆነ መነጽር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ዐይኔ ወደ ግራው ሄደ። ከእግሩ ሦስት እርምጃ ብትሆን ነው፣ ሣር ውስጥ የወደቀ ሳንቃ። ሳንቃው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይ ቀለም፣ በቀዩ ላይ የራስ ቅልና የተጠላለፉ ሁለት አጥንቶች። ከዚያ ወዲያ ዝገት የበላው ሽቦ። ፈንጂ።

መጀመሪያ የታወሰኝ እጄ ነው፤ ነጠላውን እንደያዘ አየር ላይ ነበር። እንዳይንቀሳቀስ በሌላው እጄ ያዝኩት። እሱ ካየው ይራቃል፤ የተስማማነው እንዲያ ነዋ። ቀስ አድርጌ፣ ሕፃን እንደማስተኛ፣ ድንጋዩ ላይ ዘረጋሁት፤ ና ማለቴ ነው። ግን ደበሳይ ወደ እኔ አያይም። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ያን አንገት አሥራ ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ እሸቱ። ብረት ሲያይ ነው እንደዚያ የሚዘምመው። የመደበር ሰው እጁ ብረት ወድቆ አያሳልፍም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንኳ የክት ኪሱ ምስማር ይዞ ይገባል፣ ባጠብኩት ቁጥር ጣቴን ይወጋኛል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

አጎነበሰ። ቁጢጥ አለ። በአውራ ጣቱ አፈሩን ሲፍቅ አየዋለሁ። ጮኽኩ፤ ድምፄ ወደ ራሴ ተመለሰ። ልሮጥ አልኩ፤ ዐይኔን ከመነጽሩ ካነሳሁ እሱ ይጠፋል፣ ደግሞ በየት ረግጬ እደርሳለሁ? ልጨፍን አልኩ፤ ከጨፈንኩም የምሰማው ድምፅ አለ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በጦርነቱ ጊዜም አላየሁም። ያኔ መድፍ ሲመጣ አልጋ ሥር እንገባለን፣ የሚመጣውን አናይም። አሁን ግን ባሌን እጄን ብሰድ የምነካው ያህል ቀርቦ አየዋለሁ፣ ላተርፈው ግን አልችልም። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ከንፈሩን አሞጥሙጦ ያፏጫል። የሚያፏጭበትን አየዋለሁ፣ ፉጨቱ አይሰማኝም።

አንድ ነገር ነቅሎ ቀና አለ። አፈሩን አራገፈ። የዶማ አንገት ነበር፤ በቃ፣ የአንድ ገበሬ ዶማ የተሰበረ አንገት። ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ነጠላውን አየና መጣ። ሲመጣ ደግሞ በሄደበት አልመጣም፤ ለማቋረጥ አስቦ ነው። እያንዳንዱን እርምጃውን በመነጽሩ ተከተልኩ፤ እግሩ ባረፈ ቁጥር እኔ አንዴ እሞታለሁ። የፍየሉ መንገድ ላይ ሲወጣ ነው የተነፈስኩት።

አጠገቤ ሲደርስ ብረቱን ያሳየኛል ደስ ብሎት። ደረቱን በቡጢ መታሁት፣ ደግሜ መታሁት። ምን ነካሽ ብሎ ሳቀ። አንገቱን ይዤ መነጽሩ ላይ ደፋሁት። ብዙ አየ። ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና እጁን በሱሪው ይጠርግ ጀመር፤ የሌለ ነገር ይጠርጋል። በመጨረሻ ያለው አንድ ነገር ነው፤ በየት በየት እንደረገጥኩ አላስታውስም አለ።

ወዲያው ለመንደሩ ሽማግሌዎች ነገርን። አንዱ አዛውንት ራሱን ነቀነቀ። ሳንቃው ቆሞ ነበር፣ እንጨቱን ምስጥ በልቶ ጣለው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ቦታውን ስለሚያውቅ መልሶ ያቆመው የለም አለን። በማግስቱ ባለሙያዎች መጥተው ሦስት አወጡ። ደበሳይ ሄዶ አሳያቸው፣ እኔ አልሄድኩም። ሲመለስ አንደኛው ከቆመበት ወዲያ አሥር እርምጃ ያህል፣ እየራቀ ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ እንደነበረ ነገረኝ። ሦስተኛዋን አወዛውዤ ቢሆን ኖሮ ማለት ነው። ሁለቴ ወደ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እሸቱ። በጥቁሩ እያየሁ፣ እየሳቅሁ።

እንግዲህ መነጽሩ ተመረጠ። ጥቁሩን መለስን። ባለ ናሱን አቦይ ወልደትንሣኤ አጸዳው፣ ደበሳይም በለውጡ የሱቁን የብረት መዝጊያ ሠራለት፤ ስለዚህ አትጨነቅ። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ግን በእፍረት ነው የምጽፈው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መንገደኛ አጣሁ ብዬ ካርድ ልኬልህ ነበር። ውሸት ነው። መንገደኛ ሞልቷል፤ በየሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ የጭነት መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ተኽለ ሁለቴ ጠይቆኛል፣ ሁለቴም አልደረሰም አልኩት። መነጽሩ ቤቴ ነበር።

መስጠት አቃተኝ። በየማለዳው ደበሳይ ከእዳጋ ሓሙስ ተነስቶ በእግሩ ወደ መደበር ሲሄድ እኔ ልብስ ላሰጣ ብዬ ጣራ ላይ እወጣለሁ። ማቆሚያውን ከአንሶላው ጀርባ እተክልና እግሩን እከተላለሁ። አስፋልት ላይ ምን ይሆናል ትለኝ ይሆናል። ምንም አይሆንም፤ አውቃለሁ። ግን ካላየሁት ያ ቁጢጥ ያለበት ይመጣብኛል፤ ካየሁት ደግሞ እስከ ማታ እተርፋለሁ። ጎረቤቴ ፍረወይኒ ባልሽን ትሰልያለሽ ተብሎ እየተወራ ነው አለችኝ። ቅናት ይምሰላቸው ብዬ ተውኳቸው፤ ቅናት ፍርሃትን ያክላል? ደበሳይ ራሱ አንድ ቀን ጣራ ላይ አገኘኝ። አልተቆጣም። ተረሳ እኮ፣ እኔ ረስቼዋለሁ፣ ኣይትፍርሒ፣ አትፍሪ፣ ለወንድምሽ ላኪለት አለኝ። ቤት ውስጥ ይቀልዳል፣ ለሰው ሁሉ እየሳቀ ያወራል፣ ዶማ አንገት ፍለጋ ሄጄ እያለ። እኔም ፈሪዋ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ እንደልማዴ አየዋለሁ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሲደርስ አንገቱ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ደስ አለኝ፣ ብታምንም ባታምንም፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ከኪሱ ምስማር አጥቤ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ብሎን ነበር፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሲያበራ ታየኝ። አጎነበሰ። እጁን ዘረጋ። እጁ ሳይደርስ ቆመ። ይንቀጠቀጣል። ያን ብረት ቀጥቅጦ የማይደክም እጅ በአንድ ብሎን ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ግራና ቀኝ ተገላመጠ፣ የሚያየው ሰው እንዳለ ፈርቶ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሌላው ሰው ባዶ ኪሱን ይዞ ይሄዳል፣ ምንም አይደለም፤ ደበሳይ ግን የሚኖረው ከወደቀ ብረት ነው።

ማታ ሲገባ ያው ሳቁን ይዞ ገባ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያየሁትን አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። እሱ ለእኔ ብሎ ደብቆታል፣ እኔ ሰርቄ አይቼዋለሁ። ሲነጋ ጣራ አልወጣሁም፤ መነጽሩን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ በገመድ አስሬ ለተኽለ ሰጠሁት። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በጎባ አውቶቡስ ይልክልሃል። ማቆሚያው ለብቻው ታስሯል፤ ብሎኑን ስታጠብቅ አታስጨንቀው።

አሁን የቀረኝ ፍርሃት ያንተ ነው። ሳስበው ስድስት ሳምንት ነው። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት እኔ አስፋልት ላይ የሚሄድ ባሌን በጥሩ መነጽር ስጠብቅ አንተ በደመነው መነጽር ተራራ ወጥተሃል። ከጥቅምት ወዲህ ደብዳቤ አልጻፍክልኝም። ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ፤ ደግሞ ሌላ ነገር አስባለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላልና እንዳላስበው ሥራ እሠራለሁ፣ ሥራው ግን አያስረሳኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ በትንሹ ወረቀት ላይ ያለውን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት። ጥሩዬን እንዴት ነሽ እህቴ በላት፤ የላከችልኝ በርበሬ እስካሁን ቤቱን ያስነጥሰዋል። ቅድስትን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ደበሳይ ሰላም ብሎሃል፤ ማቆሚያው ከላላ ጻፍልኝ ይልሃል። አቦይ ወልደትንሣኤም ሳያውቅህ ሰላም ይልሃል፤ መስታወቱን በነጠላ ጫፍ እንጂ በጣት አትንኩት ብሏል።

ደብዳቤው እንደደረሰህ ጎባ ስልክ ቤት ሄደህ ደውልልኝ። በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ማንም ካልተጎዳ ደህና ነን ብለህ ዝጋው፣ ሌላ አልፈልግም። የተጎዳ ሰው ካለ ግን እንዳትደብቀኝ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብለህ ብቻህን አትሸከመው፤ ግማሹ የእኔ ነው።

የምትወድህ እህትህ አበበች

አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ
ጥር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.